ኬቨን ሲንፊልድ፦ 13 ቁጥር ለባሹ አምበል እና 7 ቁጥር ለባሹ ወዳጁ

በሰሜን እንግሊዝ፣ በላንክሻየርና በዮርክሻየር ከተሞች፣ ራግቢ ሊግ የሚባል ስፖርት አለ። ከአካባቢው ውጭ ብዙም ባይታወቅም በተወለደበት አገር ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ፍቅር ያለው ጨዋታ ነው። ኬቨን ሲንፊልድ ከዚህ ስፖርት የወጣ ሰው ነው። ለአንድ ክለብ ከ500 በላይ ጨዋታዎችን አድርጓል፤ በአምበልነት ሰባት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አንሥቷል። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ደግሞ ፈውስ በሌለው በሽታ ለተያዘ የቡድን ጓደኛው ሲል ረጅም ርቀት በመሮጥ፣ ራግቢ አይተው በማያውቁ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ስሙ ተነሣ።

እነዚህ ሁለት የሕይወቱ ምዕራፎች የተያያዙ ናቸው። ሁለተኛውን ለመረዳት የመጀመሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ለመረዳት ደግሞ ስፖርቱን ማወቅ ይገባል። ስለዚህ ከመነሻው እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፖርቱ እንዴት ተወለደ?

ራግቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የባለጸጋ ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ያደገ ጨዋታ ነው። የዚያን ጊዜው ሕግ ተጫዋች ለጨዋታው ምንም ዓይነት ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክል ነበር። ቤተሰቡ ሀብት ላለው ወጣት ይህ ክልከላ የሚያስቸግር አልነበረም። በሰሜኑ ግን ተጫዋቾቹ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜም የሥራ ቀን ስለነበረ፣ ለመጫወት ከሥራ የቀረ ሰው ደመወዙ ይቆረጥበታል። የሰሜኑ ክለቦች ቢያንስ ይህን የተቆረጠ ደመወዝ ለተጫዋቾቻቸው እንዲተኩ ፈቃድ ጠየቁ። የስፖርቱ የበላይ አካል ግን አልተቀበላቸውም።

በኦገስት 29 ቀን 1895 የክለቦቹ ተወካዮች ሃደርስፊልድ በሚገኘው ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ይህ መለያየት ሁለት ራግቢዎችን ፈጠረ። በነባሩ ማኅበር ሥር የቀረው ራግቢ ዩኒየን ሲባል፣ አዲሱ ከ1922 ጀምሮ ራግቢ ሊግ የሚለውን ስም ያዘ። ሊጉ ጨዋታው ፈጣንና ለተመልካች የሚስብ እንዲሆን ሕጎቹን ቀየረ፤ በ1906 የተጫዋቾቹን ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አደረገ። ሲንፊልድ የተወለደባት ኦልድሃምም ሆነች የተጫወተባት ሊድስ ክለቦቻቸው ከመሥራቾቹ መካከል ናቸው።

ፎርዋርድ ምን ይሠራል?

የራግቢ ሊግ ጨዋታ ሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች አሉት። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት መወርወር አይፈቀድም። ስለዚህ ወደ ፊት የሚኬደው ኳሱን ይዞ በመሮጥ ወይም በእግር በመምታት ነው። ኳስ የያዘውን ተጫዋች ተጋጣሚዎቹ ይዘው መሬት ላይ ይጥሉታል፤ ይህ ታክል ይባላል። አጥቂው ቡድን ስድስት ታክል እስኪሞላ ድረስ ዕድል አለው። ከዚያ በኋላ ኳሱን ያስረክባል። ከተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር አልፎ ኳሱን መሬት ያስነካ ተጫዋች ትራይ አስቆጠረ ይባላል፤ ዋጋው 4 ነጥብ ነው። ከትራይ በኋላ ኳሱን መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያሳለፈ ተጨማሪ 2 ነጥብ ያገኛል፤ ከቅጣት ምት የተገኘ ግብም 2 ነጥብ አለው።

ከ13ቱ ተጫዋቾች ስድስቱ ፎርዋርድ ይባላሉ፤ ከ8 እስከ 13 ያለውን ማሊያ የሚለብሱት እነርሱ ናቸው። ፕሮፕ የሚባሉት 8 እና 10 ቁጥሮች ግዙፎቹ ናቸው፤ ተከላካዩ በተሰለፈበት ቦታ ኳስ ይዘው በቀጥታ ይገባሉ። 9 ቁጥሩ ሁከር ከእያንዳንዱ ታክል በኋላ ኳሱን አንሥቶ ያቀብላል። 11 እና 12 ሰከንድ ሮው ይባላሉ። 13 ቁጥሩ ሉዝ ፎርዋርድ ደግሞ በሁለት ዓለም መካከል የቆመ ነው፤ እንደ ፕሮፕ ይጋጫል፣ እንደ ኋላ መስመር ተጫዋች ኳስ ያከፋፍላል። አንድ ፎርዋርድ በአንድ ጨዋታ 30 እና 40 ታክል ሊያደርግ ይችላል። በእያንዳንዱ ታክል ከወደቀበት ተነሥቶ፣ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይሰለፋል። ትራዩን የሚያስቆጥረውና በማግስቱ በጋዜጣ ፎቶው የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ፎርዋርድ ለሌሎች መንገድ የሚከፍት ሠራተኛ ነው፤ ሲንፊልድም የተማረው ይህን ሥራ ነው።

ከኦልድሃም እስከ ሊድስ

ሲንፊልድ በሴፕቴምበር 12 ቀን 1980 ኦልድሃም ተወለደ። ኦልድሃም በጥጥ ፋብሪካዎቿ የታወቀች የሠራተኛ ከተማ ናት። ገና በታዳጊነቱ የሊድስ ክለብ መልማዮች ዓይን ውስጥ ገባ፤ በ1997 በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የራግቢ ሊግ ሕይወቱን በሙሉ ሊድስ ራይኖስ በሚባለው በዚህ አንድ ክለብ አሳለፈ። ተጫዋቾች በየጥቂት ዓመቱ ክለብ በሚቀያይሩበት ዘመን፣ አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ማሊያ መቆየት በራሱ የሚጠቀስ ነው።

አካሉ ከፎርዋርዶች መካከል ግዙፍ የሚባል አልነበረም። ጥንካሬው በሌላ ነበር። ጨዋታን ቀድሞ ያነባል፣ ሰማንያውን ደቂቃ ሳይታክት ይሠራል፣ በእግሩም ኳስን በትክክል ይመታል። በአብዛኛው ለኋላ መስመር ተጫዋች የሚሰጠው የግብ መምታት ኃላፊነት በእርሱ እጅ ነበር። በዚህም ለሊድስ 3,967 ነጥቦችን አስቆጥሮ የክለቡን የምንጊዜም ክብረ ወሰን ይዟል። የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች 521 ናቸው።

በ2003 ገና በ22 ዓመቱ አምበል ሆነ። በዚያው ዓመት ሊድስ ለቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ብራድፎርድን ገጠመ። ቻሌንጅ ካፕ የራግቢ ሊግ አንጋፋው የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሊድስ 22 ለ 20 እየተመራ ቅጣት ምት አገኘ። ኳሱን መትቶ ነጥቡን እኩል ማድረግ ይቻል ነበር። ወጣቱ አምበል ግን ቡድኑ ኳሱን ይዞ ለትራይ እንዲሄድ ወሰነ። ትራዩ አልመጣም፤ ሊድስ በዚያው ውጤት ተሸነፈ።

በቀጣዩ ዓመት ታሪክ ተለወጠ። የእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ ሱፐር ሊግ ይባላል፤ ሻምፒዮኑ የሚለየው ግራንድ ፋይናል በሚባል የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ጨዋታው የሚካሄደው በማንቸስተሩ ኦልድ ትራፎርድ ስታዲየም ነው። በ2004 ሊድስ ያንኑ ብራድፎርድን 16 ለ 8 አሸንፎ ከ32 ዓመት በኋላ የሻምፒዮንነት ዋንጫ አነሣ። ከዚያ በ2007፣ 2008፣ 2009፣ 2011፣ 2012 እና 2015 ድሉ ተደገመ። በሰባቱም ድሎች አምበሉ ሲንፊልድ ነበር። በ2011 እና በ2012 ሊድስ መደበኛውን ውድድር በአምስተኛ ደረጃ ጨርሶ ነው ሻምፒዮን የሆነው።

የቻሌንጅ ካፑ ነገር ግን ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። ከ2003 በኋላ ሲንፊልድ በ2005፣ 2010፣ 2011 እና 2012 በአምበልነት ለፍጻሜ ደርሶ አራቱንም ተሸነፈ። በ2005 ሊድስ በሃል ክለብ 25 ለ 24 ሲሸነፍ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተሸለመው እርሱ ነበር፤ ሽልማቱን የተቀበለው ከተሸናፊው ወገን ሆኖ ነው። ዋንጫው በእጁ የገባው በስድስተኛው ሙከራ፣ በ2014 በዌምብሌይ፣ ካስልፎርድን 23 ለ 10 በማሸነፍ ነው። በቀጣዩ ዓመት 2015 ሊድስ የመደበኛውን ውድድር የአንደኝነት ሽልማት፣ ቻሌንጅ ካፑንና ግራንድ ፋይናሉን በአንድ የውድድር ዘመን ጠቀለለ። በመጨረሻው የሊግ ጨዋታው ዊጋንን 22 ለ 20 ረትቶ ተሰናበተ።

በግልም ክብር አላጣም። በ2012 የዓለም ምርጥ ተጫዋች የሚሸለምበትን የወርቅ ጫማ አገኘ። በ2013 የዓለም ዋንጫ የእንግሊዝ ቡድን አምበል ሆኖ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ ቢቢሲ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የዓመቱ የስፖርት ሰው ምርጫ የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የራግቢ ሊግ ተጫዋች ሆነ። ሽልማቱ ከ1954 ጀምሮ የሚሰጥ ነው። በሕዝብ ድምፅ የቴኒስ ተጫዋቹን አንዲ መሪን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ።

ሮብ ቡሮው

በእነዚያ የድል ዓመታት ከሲንፊልድ ጎን 7 ቁጥር የሚለብስ አንድ ሰው ነበር። ሮብ ቡሮው ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሱፐር ሊጉ ትንሹ ተጫዋች በመባል ይታወቅ ነበር። መቶ ኪሎ በሚመዝኑ ሰዎች መካከል ሾልኮ የሚያልፍ ፈጣን ተጫዋች ነበር። ከ2001 እስከ 2017 ለሊድስ ተሰልፎ ስምንት ጊዜ የግራንድ ፋይናል አሸናፊ ሆኗል፤ ሁለት ጊዜ የፍጻሜው ጨዋታ ኮከብ ተብሏል።

በዲሴምበር 2019፣ በ37 ዓመቱ፣ ቡሮው የእንቅስቃሴ ነርቭ ሕዋሳት በሽታ እንዳለበት ተነገረው። ይህ በሽታ ከአንጎልና ከአከርካሪ ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱትን የነርቭ ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚገድል ነው። አምፖሉ ደህና ሆኖ ሽቦው ሲበጠስ መብራቱ እንደሚጠፋ፣ ጡንቻው ትእዛዝ ሲያጣ ይደክማል፣ ይሰልላል። በሽተኛው መራመድ፣ መናገር፣ መዋጥ፣ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅተዋል። የብዙዎቹ አእምሮ ግን ንቁ እንደሆነ ይቆያል፤ ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ በዚህ በሽታ ተይዞ ነበር። እስካሁን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። በብሪታንያ በአንድ ጊዜ እስከ 5,000 የሚደርሱ ሰዎች ከበሽታው ጋር ይኖራሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ከታወቀላቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ያርፋሉ።

ቡሮው ሕመሙን አልደበቀም። ድምፁ ሲጠፋ፣ በዓይን እንቅስቃሴ በሚሠራ ኮምፒውተር አማካይነት መናገሩን ቀጠለ፤ ኮምፒውተሩም ቀደም ብሎ ከተቀዳው ከራሱ ድምፅ የተሠራ ድምፅ ያወጣ ነበር። ስለ በሽታው ሕዝብ እንዲያውቅ ቤቱንና ሕይወቱን ለካሜራ ከፈተ። ሲንፊልድም የድርሻውን ለመወጣት ተነሣ።

ሩጫው

በዲሴምበር 2020 ሲንፊልድ በሰባት ቀን ሰባት ማራቶን ሮጠ። ሰባት ቁጥር የተመረጠው የቡሮው ማሊያ ስለሆነ ነው። ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ ማራቶንን ሲከታተል ለኖረ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህን ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ታላላቆቹ ሯጮች በዓመት ሁለት ማራቶን ሮጠው በመካከሉ ለወራት ያገግማሉ። ሲንፊልድ ደግሞ በግጭት ሲደቆስ የኖረ አካል ያለው የ40 ዓመት ሰው ነበር። እንዲያም ሆኖ እያንዳንዱን 42 ኪሎ ሜትር ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰ። ለማሰባሰብ ያቀደው 77,777 ፓውንድ ነበር፤ የተሰበሰበው ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ።

በዚያ አላበቃም። በኖቬምበር 2021 ከሌስተር ተነሥቶ ሊድስ እስኪገባ 101 ማይል፣ ማለትም 163 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሮጠ። በኖቬምበር 2022 ከስኮትላንዷ ኤድንብራ እስከ ማንቸስተር ሰባት ቀን በተከታታይ በየቀኑ ከማራቶን የሚበልጥ ርቀት ሸፈነ። የሩጫው ማብቂያ ያው ሰባት ዋንጫዎቹን ያነሣበት ኦልድ ትራፎርድ ነበር፤ የደረሰውም በራግቢ ሊግ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የእረፍት ሰዓት ላይ ነው። በ2023 በሰባት ከተሞች፣ ደብሊንን ጨምሮ፣ ሰባት ረጅም ሩጫዎችን አደረገ። ሩጫዎቹ ከዚያ በኋላም ቀጥለዋል። እርሱና አብረውት የሚሮጡት ጓደኞቹ እስካሁን ያሰባሰቡት ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው።

ከሁሉም በላይ በብዙዎች ዘንድ የሚታወሰው ግን ሜይ 14 ቀን 2023 ነው። በዚያ ቀን ሊድስ ከተማ በቡሮው ስም የተሰየመ ማራቶን ተካሄደ። ሲንፊልድ ቡሮውን ለሩጫ በተዘጋጀ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የሊድስን ዳገትና ቁልቁለት ሙሉውን ማራቶን እየገፋው ሮጠ። የቡሮው ባለቤት ሊንድሲም ከሯጮቹ መካከል ነበረች። መጨረሻው የክለባቸው ሜዳ ሄዲንግሊ ስታዲየም ነው። ሊገቡ ጥቂት እርምጃ ሲቀር ሲንፊልድ ወንበሩን አቆመ። ጎንበስ ብሎ ወዳጁን በሁለት ክንዱ አነሣው፤ የማጠናቀቂያውን መስመር ተሸክሞት ተሻገረ፤ ከዚያም ጉንጩን ሳመው። ሩጫው የወሰደባቸው ጊዜ 4 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነበር።

በ2024 የአዲስ ዓመት የክብር ዝርዝር ሁለቱም ሲቢኢ የተባለውን ከፍተኛ የብሪታንያ ኒሻን ተሸለሙ። ሮብ ቡሮው በጁን 2 ቀን 2024 በ41 ዓመቱ አረፈ። በማግስቱ፣ እርሱ እንደተመኘውና ቤተሰቡ እንደፈቀደው፣ በሊድስ ሲክሮፍት ሆስፒታል ግቢ በስሙ የሚጠራው የሕክምና ማዕከል ግንባታ ተጀመረ። 6.8 ሚሊዮን ፓውንድ የተያዘለት ይህ ማዕከል ለበሽታው ተጠቂዎች የሚያስፈልጉትን አገልግሎቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኛል፤ ሥራውን የጀመረው በ2025 ነው።

አሠልጣኝና አባት

ሲንፊልድ በዚህ ሁሉ መካከል ሥራውን አልተወም። ከ2015 በኋላ ለአጭር ጊዜ ራግቢ ዩኒየንን ሞከረ። ቀጥሎም ወደ ሊድስ ራይኖስ ተመልሶ የራግቢ ዳይሬክተር ሆነ። በ2021 የሌስተር ታይገርስ የመከላከል አሠልጣኝ ሆኖ ወደ ዩኒየን ተሻገረ፤ ክለቡ በ2022 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች አባል ነው። በ1895 ሁለት የሆኑት ራግቢዎች ለረጅም ዘመን እንደ ባላንጣ ይተያዩ ነበር፤ ዛሬ የሰሜኑ የሊግ ልጅ የዩኒየኑን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጥናል።

ባለትዳርና የሁለት ወንዶች ልጆች አባት ነው። ኑሮው ከትውልድ ከተማው አቅራቢያ በሳድልወርዝ ነው። ልጁ ጃክ በ2022፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ አባቱ በለበሰው የሊድስ ማሊያ ለዋናው ቡድን ተሰልፏል።

ለምን ማወቅ ያስፈልጋል?

የሲንፊልድ ታሪክ ስለ ፎርዋርድነት የምናስተውለውን ይለውጣል። ይህ የጨዋታ ሚና የሚለካው በድካም ነው፤ ወድቆ መነሣት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መሰለፍ፣ ሌላው እንዲያልፍ መንገድ መክፈት። ሲንፊልድ ለአሥራ ስምንት ዓመት ይህን ሠራ፤ ከዚያም ያንኑ ልማድ ከሜዳ ውጭ ለጓደኛው አዋለው። አንድ ቀን ሮጦ፣ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ምስጋና ተቀብሎ ማቆም ይችል ነበር። እርሱ ግን በየዓመቱ ተመለሰ፤ ወዳጁ ካረፈ በኋላም አላቆመም፤ በሽታው የያዛቸው ሌሎች ሰዎች አሉና።

ሕመምተኛን መጠየቅ በእኛ ዘንድ ትልቅ ቦታ ያለው ልማድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሕመምተኛው ቤት በጠያቂ ይሞላል። ሕመሙ ወደ ዓመታት ሲረዝም ግን እግር ይሳሳል፤ ስልክም ይቀንሳል። እያንዳንዳችን እንደ ሲንፊልድ ማራቶን መሮጥ አንችልም። ለረጅም ጊዜ አልጋ የያዘ ወዳጅ ያለን ሁሉ ግን በዚህ ሳምንት ሄደን ልንጠይቀው፣ በሚቀጥለውም ወር ልንመለስ እንችላለን።